ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን፤ ነፋስን በቁጥር የመረመረ ሊቅ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። ከከተማይቱ ወዲያ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል፤ በስተምዕራብ ደግሞ ምድሩ በፎገራ ሜዳ በኩል እየዘቀጠ ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል። ከጉና የሚፈልቁት የርብና የጉማራ ወንዞችም ይህንኑ ቁልቁለት ተከትለው ሐይቁን ይቀላቀላሉ። ወንዝ ድንጋይ ሲያጋጥመው በላዩ እየተንከባለለ፣ በጀርባውም እየተሽከረከረ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ነፋስም ተራራ ሲያጋጥመው ሽቅብ ይወጣል፤ ተራራውን ከተሻገረም በኋላ እንደ ሞገድ ከፍና ዝቅ እያለ፣ አንዳንድ ጊዜም እየተሰበረና እየተሽከረከረ ይፈስሳል። ልዩነቱ የወንዙ አዙሪት ለዐይን ሲታይ የነፋሱ አዙሪት የማይታይ መሆኑ ነው። እንዲህ ወዳለው አየር የገባ አይሮፕላን በድንገት ይንገጫገጫል፤ ወደ ላይ ይገፋል፤ ወደ ታችም ይወርዳል። ይህ የአየር መናወጥ የአየር ነውጥ ይባላል።

የአየር ነውጥ የሚነሣው በተራራ ምክንያት ብቻ አይደለም። በክረምት ከቀትር በኋላ በጉና ራስ ላይ የሚከመረው የነጎድጓድ ደመና በውስጡ አየርን በኃይል ወደ ላይና ወደ ታች ያናውጣል። ይህን ደመና አብራሪው በዐይኑም ሆነ በራዳር አይቶ ሊሸሸው ይችላል። ሌላው ነውጥ ግን አንዳች ደመና በሌለበት በጠራ ሰማይ ላይ ይነሣል። የማይታይን ነገር ለመሸሽ ያለው መንገድ አስቀድሞ በስሌት ማወቅ ነው። ለዚህ ስሌት መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል ዋነኛው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ይባላል። በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪቻርድሰን ኦክቶበር 11 ቀን 1881 በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዴቪድ ሪቻርድሰን ቆዳ እያለፋ የሚያዘጋጅ ድርጅት የነበረው ሰው ነበር፤ ሉዊስም ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበር። ቤተሰቡ የክዌከር ሃይማኖት ተከታይ ነበር። ክዌከሮች ጦርነትን የሚጠሉና ሰው በሰው ላይ መሣሪያ ማንሣት አይገባውም ብለው የሚያምኑ ክርስቲያኖች ናቸው። ሕፃኑ ከእናቱና ከአባቱ የወረሰው ይህ እምነት እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ኋላ እንደምንመለከተውም፣ ለዚህ እምነት ሲል የሚወደውን ሥራ ከአንድ ጊዜ በላይ ለመተው ተገድዷል።

ሪቻርድሰን በዮርክ ከተማ ቡተም በተባለው የክዌከሮች ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በትውልድ ከተማው በሚገኝ ኮሌጅ ሁለት ዓመት አጠና። ከዚያም በ1900 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቱን በ1903 በከፍተኛ ማዕረግ ፈጸመ። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ባሉት ዐሥር ዓመታት በአንድ ቦታ አልረጋም፤ በብሔራዊ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ በአምፑል ፋብሪካ፣ በኮሌጅ መምህርነትም ሠርቷል። ከነዚህ ሥራዎች መካከል ለኋላው ዘመን መንገድ የከፈተለት ትንሽ መስሎ የሚታይ አንድ ሥራ ነበር።

በ1906 እና በ1907 ሪቻርድሰን ከረግረግ የሚቆፈርና ለማገዶ የሚሆን ጥቁር አፈር በሚያወጣ ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሮ ነበር። የረግረጉ ውሃ እንዲጠነፈፍ ቦዩ በየት በየት ቢቆፈር ይሻላል የሚል ጥያቄ ቀረበለት። የውሃውን አካሄድ የሚገልጸው የሒሳብ ሕግ የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን ሕጉን በብዕርና በወረቀት ፈትቶ ትክክለኛውን መልስ ማግኘት የማይቻል ሆነ። ሪቻርድሰንም ሌላ ዘዴ ፈለገ። ሰፊ ማሳን በገመድ እየለኩ በእኩል እንደሚከፋፍሉት ሁሉ፣ ስፍራውን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፈለው፤ በያንዳንዱም ነጥብ ላይ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ብቻ ለእውነተኛው የቀረበ መልስ አገኘ። በ1910 ይህን ዘዴ አስፋፍቶ በድንጋይ ግድብ ውስጥ ያለውን ጫና ለማስላት እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ።

በ1909 ሪቻርድሰን ዶሮቲ ጋርኔት የተባለች ሴት አገባ። የራሳቸውን ልጆች ለመውለድ ስላልቻሉ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ በጉዲፈቻ አሳደጉ። ዶሮቲ በምርምሩም ረዳቱ ነበረች። ታይታኒክ የተባለችው ታላቅ መርከብ በኤፕሪል 1912 ከበረዶ ጋራ ጋር ተጋጭታ ከ1,500 ሰዎች ያላነሱ በሞቱ ጊዜ፣ ሪቻርድሰን የሰው ሕይወት የሚተርፍበትን መላ ለማግኘት ተነሣ። ዶሮቲ ጀልባ እየቀዘፈች እርሱ ፊሽካ ይነፋ ነበር፤ ከሩቅ የሚመለሰውንም የገደል ማሚቶ በተዘረጋ ጃንጥላ እየሰበሰበ ያዳምጥ ነበር። በዚሁ ዓመት ከፊት ያለን ዕንቅፋት በተመላሽ ድምፅ ለማወቅ ለሚያስችለው ዘዴ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ከዐደጋ በኋላ ማዘን ብቻ ሳይሆን ከዐደጋ በፊት ማወቅ እንደሚገባ የነበረው እምነት በዚህ ሥራው ይታያል።

በ1913 ሪቻርድሰን በእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሥር በስኮትላንድ በሚገኘው የኤስክዴልሙር ጣቢያ ኀላፊ ሆነ። በዚያ ዘመን የአየር ጠባይ ትንበያ ይሰጥ የነበረው የዕለቱን ካርታ ከቀድሞ ካርታዎች ጋር በማነጻጸር ነበር። ሪቻርድሰን ግን ይህ አላረካውም። አየርም እንደ ውሃ የተፈጥሮ ሕግ የሚገዛው ነገር ነውና፣ የዛሬው ግፊት፣ ሙቀት፣ ነፋስና እርጥበት ከታወቀ የነገው በስሌት ሊገኝ ይገባል ብሎ አሰበ። በረግረጉ ላይ የሞከረውንም ዘዴ ወደ ሰማይ አወጣው።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተቀጣጥሎ ነበር። ሪቻርድሰን መሣሪያ ለመያዝ ኅሊናው አልፈቀደለትም፤ የሌሎችን መከራ ከሩቅ ሆኖ መመልከትም አልሆነለትም። ስለዚህ በ1916 ሥራውን ለቆ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ በክዌከሮች የአምቡላንስ ቡድን ውስጥም ሾፌር ሆኖ ቁስለኞችን ከጦር ግንባር ያመላልስ ጀመር። ዕረፍት ባገኘ ቁጥርም በብርዳማ ማረፊያ ቤት በድርቆሽ ክምር ላይ ተቀምጦ ያሰላ ነበር።

ለስሌቱ የመረጠው ቀን ሜይ 20 ቀን 1910 ነበር። በዚያ ቀን በአውሮፓ በልዩ ልዩ ስፍራዎች የላይኛው አየር በባሉን ተለክቶ ስለነበረ የሚያስፈልገው መነሻ ተሟልቶለታል። በዚያን ዕለት ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ከነበረው ሁኔታ ተነሥቶ፣ በጀርመን አገር በሙኒክ አካባቢ የአየሩ ግፊት በ6 ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደሚለወጥ ማስላት ጀመረ። ይህን የ6 ሰዓት ለውጥ አስልቶ ለመጨረስ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀበት። የደረሰበትም ውጤት ግፊቱ በ145 ሚሊባር ይጨምራል የሚል ሆነ። ይህም አንድ መንገደኛ ከደብረ ታቦር ከፍታ ተነሥቶ ወደ ዐባይ በረሃ ሲወርድ ከሚያገኘው የግፊት ለውጥ ጋር የሚቀራረብ ነው። በዕለቱ በእርግጥ የታየው ግፊት ግን ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ የዋለ ነበር። ስሌቱ ፈጽሞ አልሠራም።

በ1917 በሻምፓኝ በተደረገው ውጊያ ጊዜ የመጽሐፉ ረቂቅ ከግንባር ወደ ኋላ ተልኮ ጠፋ፤ ከወራት በኋላም በቤልጅግ አገር ከከሰል ክምር ሥር ተገኘ። ሪቻርድሰን ያልተሳካውን ስሌት ደብቆ ዘዴውን ብቻ ለማሳተም ይችል ነበር። እርሱ ግን እንዲህ አላደረገም። በ1922 ባሳተመው የአየር ጠባይን በቁጥር ስለ መተንበይ በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ፣ የተሳሳተውን ውጤት ከነሙሉ ስሌቱ አወጣው፤ ስሕተቱም ከመነሻው የነፋስ መረጃ የመጣ ሳይሆን እንዳልቀረ ግምቱን ገለጠ። ግምቱም መሠረት ነበረው። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ያንኑ ስሌት ደግመው ሲመረምሩ፣ የመነሻው ግፊትና ነፋስ እርስ በርስ ያልተስማሙ እንደ ነበሩ ተረዱ፤ መነሻው አስቀድሞ ቢስተካከል ኖሮ ዘዴው ለእውነት የቀረበ ውጤት ይሰጥ እንደ ነበረም አረጋገጡ። ሪቻርድሰን ስሌቱን በሙሉ ባያትም ኖሮ ይህን ለማወቅ ባልተቻለም ነበር።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ አንድ አስገራሚ ምኞት ሰፍሯል። በዓለም ካርታ የተሳለ ግድግዳ ባለው ታላቅ አዳራሽ ውስጥ 64,000 የሒሳብ ሠራተኞች ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የየክፍላቸውን አየር ሲያሰሉ፣ በመካከል የቆመውም መሪ እንደ መዘምራን መሪ አንዱን ሲያፈጥን ሌላውን ሲያዘገይ አሰበ። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ይህ ከሕልም የማይቆጠር ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1919 ሪቻርድሰን ወደ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት በ1920 ግን መሥሪያ ቤቱ የጦር አይሮፕላኖችን ጭምር በሚያስተዳድረው የአየር ሚኒስቴር ሥር ገባ። ሪቻርድሰንም ጦርን ላለማገልገል ሲል የሚወደውን ሥራ ዳግመኛ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በለንደን በሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ እያስተማረ፣ ምርምሩን በትርፍ ጊዜው ቀጠለ።

የአየር ነውጥን የሚመለከተው ታላቁ ሥራው የታተመው በዚሁ በ1920 ነበር። አሳቡ እንደሚከተለው ነው። ቀዝቃዛና ከባድ አየር ከታች፣ ሞቃትና ቀላል አየር ከላይ ሲሆን አየሩ ይረጋል፤ ከቦታው የተነቀነቀ ሁሉ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። በበጋ ማለዳ በደጋ መንደሮች ላይ የሚወጣው የምድጃ ጭስ ጥቂት ከፍ ብሎ እንደ ነጠላ የሚዘረጋው ስለዚህ ነው። በአንጻሩ አንዱ የአየር ንጣፍ ከሌላው ይበልጥ የሚፈጥን ከሆነ፣ በሁለቱ ድንበር ላይ አዙሪት ሊነሣ ይችላል፤ በወንዝ ፈጣኑ መካከልና ዘገምተኛው ዳር በሚገናኙበት ስፍራ አዙሪት እንደሚታይ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱ ይታገላሉ፤ አንዱ ያረጋል፣ ሌላው ያናውጣል። ሪቻርድሰን የሚያረጋውን ኃይል መጠን በንጣፎቹ መካከል ላለው የፍጥነት ልዩነት ካሬ አካፍሎ አንድ ቁጥር አገኘ። ይህ ቁጥር ትልቅ ሲሆን አየሩ ይረጋል፤ እያነሰ ሲሄድ ግን ነውጥ ይቀርባል። በ1961 የታተሙ የሒሳብ ጥናቶች፣ የረጋ ፍሰት ወደ ነውጥ ሊለወጥ የሚችለው ቁጥሩ ከአንድ አራተኛ በታች ሲወርድ መሆኑን አሳዩ። ቁጥሩም እስከ ዛሬ የሪቻርድሰን ቁጥር ይባላል።

ሪቻርድሰን በዚህ ብቻ አላበቃም። ትልቁ አዙሪት ኃይሉን ለትንሹ፣ ትንሹም ከእርሱ ለሚያንሰው እያስተላለፈ፣ በመጨረሻ ኃይሉ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ አስረዳ። በ1926 በነውጥ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች እንዴት እንደሚራራቁ የሚገልጽ ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። ነገር ግን ጭስ በአየር ውስጥ የሚበተንበትን መንገድ የሚያስረዳ ሕግ መርዝ ጋዝም የሚበተንበትን መንገድ ያስረዳል። ሚስቱ እንደ ተረከችው፣ የጋዝ ጦር መሣሪያ የሚያጠኑ ሰዎች ሥራውን እንደ ፈለጉት ባወቀ ጊዜ፣ ሪቻርድሰን በዚያ ረገድ የጀመረውን ምርምር አቆመ፤ ያልታተመውንም ጽሑፍ አጠፋ። ይህ ለእርሱ እጅግ መራር ውሳኔ ነበር።

ከዚህ በኋላ አሳቡ ወደ ሰው ልጅ ጠባይና ወደ ጦርነት መንሥኤ ተመለሰ። በ47 ዓመቱ ከተማሪዎች ጋር ተፈትኖ በሥነ ልቡና ዲግሪ አገኘ። በ1929 በስኮትላንድ የፔዝሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1940 ግን ጊዜውን ሁሉ ለሰላም ጥናት ለማዋል ሲል ሥራውን ትቶ በጡረታ ተገለለ። ከ1820 ወዲህ የተደረጉትን ጦርነቶች እየቆጠረ መንሥኤያቸውን በሒሳብ ለመረዳት ደከመ። ነውጥንም ጨርሶ አልረሳውም፤ በ1948 ካሮት የመሰለ ነጭ ሥራ ሥር ቈርጦ በባሕር ላይ በመጣል፣ ቁራጮቹ በማዕበል እንዴት እንደሚራራቁ የመረመረበትን ጥናት ከአንድ ባልደረባው ጋር አሳተመ።

በ1950 አሜሪካ ውስጥ ሊቃውንት በኮምፒዩተር የመጀመሪያውን የአየር ጠባይ ትንበያ ሠሩ። ውጤቱ ለሪቻርድሰን በተላከለት ጊዜ ደስ ብሎት እንኳን ደስ ያላችሁ አላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1953 በስኮትላንድ በኪልመን መንደር በ71 ዓመቱ ዐረፈ። ስለ ጦርነት የጻፋቸው ሁለት ታላላቅ መጽሐፎች የታተሙት ከሞተ በኋላ በ1960 ነው።

የሪቻርድሰን ሥራ ለሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታየው ጄት አይሮፕላኖች ከተስፋፉ በኋላ ነው። ማርች 5 ቀን 1966 አንድ ቦይንግ 707 አይሮፕላን በጃፓን አገር በፉጂ ተራራ አጠገብ በጠራ ሰማይ ሲያልፍ፣ ተራራውን ተሻግሮ የሚወርደው ነፋስ ባስነሣው ብርቱ ነውጥ በአየር ላይ ተሰባበረ፤ በውስጡ የነበሩት 124 ሰዎችም ሁሉ አለቁ። በእኛ ዘመንም በሜይ 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ አይሮፕላን በምያንማር ሰማይ ላይ ከብርቱ ነውጥ ጋር ተጋጥሞ አንድ መንገደኛ ሞቷል፤ ብዙዎችም ቈስለዋል።

የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ አጠገብ ካረፈበትና የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ፣ የአየር ነውጥ ለሀገራችን አብራሪዎችም እንግዳ አይደለም። እጅግ ከፍ ብለው ለመብረር የማይችሉት የቀድሞዎቹ ዲሲ-3 አይሮፕላኖች ከተራራዎቻችን ራስ ብዙም ሳይርቁ ያልፉ ነበር። በሰማያችን ላይ የነፋስ ልዩነትም አለ። በክረምት ዝናብ የሚያመጣው የታችኛው ነፋስ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሮጥ ፈጣን የነፋስ ጎርፍ አለ። ስለዚህም የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ከአይሮፕላን ጋር አብሮ ማደጉ አያስገርምም። በሀገራችን አገልግሎቱ በመጀመሪያ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ።

ዛሬ በለንደንና በዋሽንግተን ስም የሚጠሩ ሁለት የዓለም ማእከሎች የመላውን ምድር አየር በኮምፒዩተር እያሰሉ ለአብራሪዎች የትንበያ ካርታ ያሰናዳሉ። ሪቻርድሰን እንዳሰበው አየሩ በትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ የ64,000ውን ሠራተኞች ቦታ ግን መኪናው ይዞታል። ነውጥ የሚያሰጋበትን ስፍራ ለመለየት ከሚጠቅሙት መለኪያዎች አንዱም የሪቻርድሰን ቁጥር ነው። አብራሪው ካርታውን አይቶ መንገዱን ወይም ከፍታውን ይለውጣል፤ መንገደኞችም ቀበቷቸውን እንዲያስሩ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ትንበያው ሁልጊዜ አይሠምርም። ስለሆነም ተቀምጦ ቀበቶን እንደ ታሰረ ማቆየት ዛሬም ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።

ሪቻርድሰን ጦርን አላገለግልም ብሎ ከአየር ሚኒስቴር ቢወጣም፣ በዓለም ላይ የሚበር መንገደኛ ሁሉ የእርሱ የድካም ፍሬ ተካፋይ ሆኗል። በሕይወት ሳለ ስሌቱ አንድ ቀን እንኳ በትክክል አልሠመረለትም፤ ነገር ግን ስሕተቱን ሳይሸሽግ ለተከታዮቹ አስረከበ፤ እነርሱም ከዚያ ተነሥተው ወደ እውነት ደረሱ። ዕውቀት ለማጥፋትም ለማዳንም ሊውል እንደሚችል ተረድቶ ማዳንን መረጠ፤ ለምርጫውም ዋጋ ከፈለ። ታላቅነቱ በሒሳቡ ብቻ ሳይሆን በዚህ ጽናቱም ይታወሳል።